ቢሊ ጂን ያለ ስኔር

ቅዳሜ ማታ

ወደ አፍሮ ሃውስ (አፍሪካዊ ከበሮ የበዛበት የጭፈራ ቤት ሙዚቃ) የምለውጠው ዘፈን ተመርጧል፤ የማይክል ጃክሰን ቢሊ ጂን ነው። እጄ ላይ የነበሩት ሌሎቹ በፍጥነታቸው ወደቁ። አንደኛው በደቂቃ 93 ምት ነው፤ ወደ 120 ስገፋው ዘፋኙ ታክሲ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው ይመስላል። ቢሊ ጂን ግን ራሱ 117 ላይ ነው ያለው። አፍሮ ሃውስ አብዛኛውን ጊዜ ከ118 እስከ 124 ባለው መሐል ስለሚመላለስ 120 ላይ አስቀምጠዋለሁ። የሦስት ምት ልዩነት ማንም አይሰማውም።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ዘፈን ድሮውንም ያስጨፍራል። ቀዝቀዝ ያለ የፍቅር ዘፈን ወስዶ ከበሮ ማልበስ አይከብድም፤ ሰሚው “ወይ ጉድ፣ እንዲህም ይሆናል እንዴ?” ይልሃል። ሲጀመርም ሰው የሚያስነሳ ዘፈን ላይ ኮንጋ (በእጅ የሚመታ ረጅም ከበሮ) ብትደርብ ግን የምታገኘው ያንኑ ዘፈን ከነኮንጋው ነው። የሰማኋቸው አብዛኞቹ የክላሲክ ፖፕ አፍሮ ሪሚክሶች እዚህ ላይ ነው የሚቀሩት። የዘፋኙን ድምፅ ከትራኩ ላይ በሶፍትዌር ይገነጥላሉ፣ ከሥሩ አራት ኪክ (በእግር የሚመታው ወፍራም ከበሮ) ያነጥፋሉ፣ ሼከር (እየተነቀነቀ የሚሽከሸክ መሣሪያ) ይነሰንሱበታል፣ አለቀ።

የቆየ ዘፈን እንደገና መሥራት እኮ በዚህ ዘርፍ አዲስ ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊው ብላክ ኮፊ በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የሂዩ ማሴኬላን ስቲሜላ እንደ አዲስ ሠርቶታል። ስቲሜላ ከየአገሩ ሠራተኛ ለቃቅሞ ወደ ጆሃንስበርግ ማዕድን ማውጫዎች ስለሚወስድ ባቡር የተዘፈነ ነው። እንዲህ ያለውን የሐዘን ዘፈን ጭፈራ ቤት ማስገባት ድፍረት ይጠይቃል። የእኔ ፈተና የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ጨፍሮ የጠገበ ዘፈን ነው የያዝኩት።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ኦሪጅናሉን ስሰማ ዋልኩ። በ1982 መጨረሻ በትሪለር አልበም ላይ ነው የወጣው። ፕሮዲዩሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ ነው፤ ከሁለት ዓመት ከምናምን በኋላ ለእኛው ረሃብ የተዘፈነውን ዊ አር ዘ ወርልድ የመራው ሰውዬ። የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን፣ ድራመሩ ሊዮን ንዱጉ ቻንስለር፣ ቤዙን (ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር) የተጫወተው ሉዊስ ጆንሰን።

ድራሙን በወረቀት ላይ ስጽፈው ሁለት መስመር አልሞላም። በየባሩ ካሉት አራት ምቶች ኪክ 1 እና 3 ላይ፣ ስኔር (ጠጣር ድምፅ ያለው ከበሮ) 2 እና 4 ላይ፣ ሃይ ሃት (ጥንዱ የብረት ሳህን) ምቶቹ ለሁለት ሲከፈሉ በሚመጡት ስምንት ቦታዎች ሁሉ ላይ፤ በቃ። ቻንስለር ጉራ የነዛበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ቤዙም እንደዚያው ነው፤ በአንድ ባር ውስጥ ስምንት ኖታ፣ እኩል እኩል፣ ሳያቋርጥ። ቤዙና ሃይ ሃቱ ስምንቱንም ቦታ ይዘውታል፣ ስኔሩ ደግሞ እየቆረጠ ይከፋፍለዋል። ሌላ ነገር ማስገቢያ ክፍተት የለም።

አፍሮ ሃውስ ደግሞ የሚኖረው በክፍተት ነው። ኪኩ አራቱንም ይመታል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ምት ሁሉ በኪኮቹ መሐል ነው የሚራወጠው። አራት ኪክ አስቀምጬ የ2 እና የ4ን ስኔር እንዳለ ካቆየሁት የሚወጣው ተራ ዲስኮ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ተወስኗል፤ ስኔር የለም። በእሱ ቦታ የሚገባ ጭብጨባም የለም። ሁለተኛው ውሳኔ ይከብዳል፤ ቤዙም እንዳለ አይቀጥልም። ሰው ዘፈኑን የሚያውቀው ግን በዚያ ቤዝ ነው። ይህን ለነገ።

ሰኞ

ዘፋኟ መጣች። ኦሪጅናሉ በኤፍ ሻርፕ ማይነር ነው፤ ሞክራው “ኮረሱ ላይ ይጮህብኛል፣ ትንሽ አውርድልኝ” አለችኝ። አንድ ሙሉ ቶን አወረድነው፣ ኢ ማይነር ሆነ። ድምፅዋ ወፈር ያለ ነው፤ ጃክሰን የሚንሰቀሰቅበትን ቦታ ሁሉ እሷ እየተናገረች ታልፈዋለች። ደስ አለኝ። የእሱን ትንፋሽና ጩኸት ለመቅዳት የሚሞክር ዘፋኝ ብዙ ሰምቻለሁ፤ አንድም አላማረበትም።

“ለምን በአማርኛ አናደርገውም?” አለች። አይሆንም። የጃክሰንን ድምፅ ራሱን ብወስድ የቀረጻው ባለቤትም የድርሰቱ ባለቤትም ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ አላገኘውም፣ አልጠይቅምም። በራሳችን ድምፅና መሣሪያ እንደገና ከቀዳነው ግን የአሜሪካው የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 115 መንገድ ይከፍታል። ድርሰቱ አንዴ በይፋ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ተገቢውን ክፍያ እየከፈለ ሊቀዳው ይችላል። ቅንብሩን ለራስህ አጨዋወት እንዲስማማ አድርገህ መለወጥም ይፈቅዳል፤ መሠረታዊ ዜማውንና የሥራውን ባሕርይ መቀየር ግን አይፈቅድም። ግጥም መተርጎም ከዚያ መስመር ያልፋል፣ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ዜማና ግጥም እንዳሉ ይቆያሉ፤ እኔ የምነካው ከሥራቸው ያለውን ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ገደብ ተመቸኝ። ሥራውን አጠበበልኝ።

“እንግዲህ ፈረንጅ ሆኜ እዘፍናለሁ” ብላ ገባች። ስትወጣ ቡና አፍልታ ነው የሄደችው።

ማክሰኞ ማታ

የከበሮ ቀን። የሠርግ ባንድ ውስጥ ኮንጋና ከበሮ የሚመታ ጓደኛዬ መጣ። በግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ማይኩን ከኮንጋው አንድ ክንድ ያህል አራቅነው።

መጀመሪያ ሼከሩ። የገዛኋቸው የሼከር ድምፆች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የትም ትራክ ላይ የምትሰማው ጥርት ያለ ሽክሽክታ። ስለዚህ በሃይላንድ ሞከርን። ጤፍ ስንጨምርበት እንደ ነፋስ ለሰስ ብሎ ይጠፋል፣ ከኪኩ ጋር አይሰማም። ሽምብራው ደግሞ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ይንኳኳል። ምስር ልክ ሆነ፤ ግማሽ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን አግድም ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀንቀው የፊቱ ምት ይደምቃል፣ የመልሱ ይለሰልሳል። ይህ የድምፅ ልዩነት ነው ሼከርን እንዲራመድ የሚያደርገው። በኮምፒውተር ሁሉንም እኩል ብታስቀምጣቸው ቆሞ ይቀራል። በባሩ ውስጥ ያሉትን አሥራ ስድስቱንም ቦታ (እያንዳንዱ ምት ለአራት ሲከፈል) በአንድ ትንፋሽ ለረጅም ጊዜ መታልኝ፤ አጭር ቁራጭ እየደጋገምኩ ሉፕ አላደረግኩትም፤ ክንዱ ሲደክም የሚመጣው መዘግየት ራሱ ያስፈልገኛል።

ኮንጋው ላይ ተከራከርን። እሱ እጁ ወደ ችክችካ ይሄድበታል፤ የሰው ልጅ ያደገበት ምት ነው፣ አይፈረድበትም። ችክችካ ግን ባለ ስድስት ነው፤ የአፍሮ ሃውሱ ሼከር ባለ አራት ሆኖ አንድ ምት ለአራት ይከፈላል። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሄዱ በሦስትና በአራት መሐል ይጋጫሉ። ለጥቂት ባር ያምራል፣ ጆሮን ያነቃል፤ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሲሆን ግን ጨፋሪው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያጣል። “እሺ አንድ ቦታ ስጠኝ” አለ። ከሁለተኛው ኮረስ በፊት ያሉትን አራት ባሮች ሰጠሁት። እዚያ ችክችካውን ይልቀቀው፤ የቀረውን በልክ ይያዝልኝ።

ለስኔሩ ቦታ ያስቀመጥነው የኮንጋው ጠርዝ ላይ በእንጨት የተመታች አንዲት ደረቅ ድምፅ ናት። 2 ላይም 4 ላይም አይደለችም፤ ከ4 ቀድማ በአንድ አሥራ ስድስተኛ ትመጣለች፣ ከዚያ ባር ትዘልላለች። ጆሮ ስኔሩን ሲጠብቅ እሷ ቀድማ ታልፋለች።

ሐሙስ

ቤዙ።

በኢ ማይነር ስምንቱ ኖታዎች እንዲህ ናቸው፦ ኢ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ዲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ቢ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ልተው እያልኩ ሳወጣ ሳገባ አመሸሁ። በመጨረሻ ስምንቱን ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት አድርጌ ከፈልኳቸው። ይህ አከፋፈል የአፍሮ ሃውስ የዕለት እንጀራ ነው። በክፍሎቹ መነሻ ላይ ያሉት አንደኛው፣ አራተኛውና ሰባተኛው ናቸው፤ ኢ፣ ኢ፣ ኤ። እነዚህን ሦስቱን ብቻ አስቀረሁና ሌሎቹን ሰረዝኳቸው። የቀሩት ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ዘፈኑ ግን ጠፋ። ጥሩ አፍሮ ሃውስ ቤዝ ነው፤ ቢሊ ጂን ነው ቢሉህ ግን አታምንም።

የተሰረዙትን አምስቱን አየኋቸው፤ ቢ፣ ዲ፣ ዲ፣ ቢ፣ ቢ። ሁለት ኖታ ብቻ ነው የሚመላለሰው። እዚህ ላይ ነው ክራር የታሰበኝ።

ነገሩ ለአገር ፍቅር ብሎ ክራር መወርወር አይደለም፤ እሱ እንደ ቅመም በየሪሚክሱ የሚበተን ነገር ሰልችቶኛል። ቅኝቱን አስቀምጠን እንየው። ባቲ ማይነር ከኢ ሲነሳ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ነው። የቤዙ ኖታዎች በሙሉ እዚያ ውስጥ አሉ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ባቲ ውስጥ የሌለው ኖታ ነው። ኦሪጅናሉ በቨርሱ ላይ ሲ ሻርፕ ይጠቀማል፤ ከኢ ማይነር ወደ ኤፍ ሻርፕ ማይነር ወጣ ብሎ ሲመለስ የሚሰማው ያ የሚያጠራጥር ስሜት ከሲ ሻርፕ የሚመጣ ነው። ከኮረሱ በፊት ያለው ክፍል ሲጀምር ደግሞ ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ኖታዎች) ሲ ሜጀር ይሆናል፣ ሻርፑ ይወርዳል። ባቲ ሁለቱንም አያውቅም። ስለዚህ ክራሩ እንደገና ሳይቃኝ ሳይነካካ በሁለቱም ላይ ይቀመጣል።

ቅዳሜ

ክራር የሚጫወቱልኝ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ወረቀቱን አይተው፣ “ልጄ፣ ክራር እንዲህ ተቆራርጦ አይመታም። ዜማ ስጠኝ እንጂ” አሉ። ልክ ናቸው፤ አምስት ኖታ ለብቻው ሲመታ ሕፃን ልጅ መሣሪያ እየነካካ ይመስላል። ቤዙን በጆሮ ማዳመጫ አሰማኋቸው። ትንሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሁለት ባር አሳለፉ፣ ከዚያ ገቡ። ቤዙ ኢ ሲል እሳቸው ቢ፣ ዲ፤ ቤዙ ኢ፣ እሳቸው ዲ፣ ቢ፤ ቤዙ ኤ፣ እሳቸው ቢ። ስምንቱም ኖታ ተመለሱ፤ ግማሹ ከሆድ፣ ግማሹ ከጅማት።

“መቀባበል ነው በለኝ እንጂ!” አሉ ጋሼ፤ ከዚያ በኋላ እኔ የምነግራቸው ነገር አልነበረም። የመጨረሻውን ቢ አንዳንዴ ይተዉታል፣ አንዳንዴ በጣታቸው ጫፍ ያፍኑታል፤ እንደመጣላቸው። ኮርዱ ወደ ኤ ማይነር ሲሻገርም እጃቸው ራሱ ተከተለ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጋጫል። ከኮረሱ በፊት ያለው ክፍል የሚዘጋው ቢ ሰባት ላይ ነው፤ እዚያ ኮርዱ ዲ ሻርፕ ሲል ክራሩ ዲ ላይ ነው። ሁለቱ በግማሽ ቶን ጎን ለጎን ሲጮሁ ያንገሸግሻል። ጋሼ “ጅማቷን ላጥብቃት?” ብለው ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይበላሻል። እዚያ ባር ላይ ክራሩ ዝም ይበል ተባባልን። ዝምታው ጠቀመ፤ ኮረሱ ሲገባ ክራሩ አዲስ የመጣ ያህል ይሰማል።

እሑድ

ስዊዲን በኦሪጅናሉ ቀረጻ ጊዜ ጃክሰንን ስድስት ጫማ በሚረዝም የካርቶን ቱቦ ውስጥ እያዘፈነ ተደራቢ ድምፅ ቀድቶ ነበር። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ እጄን ሲበላኝ ነበር። መርካቶ ጨርቅ ተራ የጨርቅ ጥቅል የሚያልቅበትን ካርቶን ቱቦ ባለሱቆቹ ከበር ላይ ያቆሙታል፤ አንዱን በነፃ ለመንኩ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ “ይሄም ይከፍላል” ብሎ አሾፈብኝ፣ አልቀረም አስከፈለኝ።

ዘፋኟ በአንዱ ጫፍ፣ ማይኩ በሌላው ጫፍ። ድምፁ ጠበብ ብሎ፣ በአፍንጫ የሚወጣ መስሎ፣ ሩቅ ሆኖ ይመጣል። ለዋናው ድምፅ አይሆንም። ለተቀባዩ ግን፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጀርባ አጭር ሐረግ ለምትመልሰው፣ ግሩም ነው። እንደ ሐሜት ይሰማል፤ የዘፈኑ ጉዳይም ሐሜት ስለሆነ ይሄዳል። በ375 ሚሊሰከንድ ዲሌይ አስተጋባሁት። በ120 ፍጥነት አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ 375 የእሱ ሦስት አራተኛ ስለሆነ ማሚቶው ከኪኩ ጋር ብዙም ሳይደራረብ በመሐል በመሐል ይወድቃል።

ማክሰኞ

የቅንብሩ ቅደም ተከተል። በ120 ፍጥነት አንድ ባር ሁለት ሰከንድ ነው፤ ዲጄዎች መግቢያ ላይ 32 ባር ከበሮ ይወዳሉ፣ ማለትም ከአንድ ደቂቃ በላይ። ኩዊንሲ ጆንስ የኦሪጅናሉ መግቢያ ረዘመ ብሎ ሊያሳጥረው ሲል ጃክሰን የሚያስጨፍረኝ እሱ ነው ብሎ እንቢ ማለቱ ይታወቃል። ያኔ ያጨቃጨቀው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነበር።

ስምንቱ የቤዝ ኖታዎች በአንድ መሣሪያ ሳይቆራረጡ የሚሰሙት በመጨረሻው ኮረስ ላይ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤዝና ክራር እየተቀባበሉ ይቆያሉ። እዚያም ቢሆን ስኔር አልጨመርኩም፤ ጓደኛዬ “እንግዲህ አሁን እንኳ!” ብሎ ለምኖኝ ነበር።

ሐሙስ

ሚክስ፣ ማለትም ሁሉንም ድምፅ ማመጣጠን። ብዙ የሚወራለት አይደለም፤ ከአንድ ነገር በስተቀር። የቤዙ ኢ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ላይ ነው፣ ኪኩን ወደ ቢ ቃኝቼ 62 ገደማ አደረግኩት። አንደኛው ምት ላይ ሁለቱ ተደላድለው ይቀመጣሉ። አራተኛው ምት ላይ ግን ቤዙ ወደ ኤ ስለሚሄድ 55 ይሆናል፤ 55 እና 62 አብረው ሲመቱ ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚሰማው። ኪኩ ሲመታ ቤዙን ዝቅ ማድረግ ግማሹን ፈታው። የቀረውን ኤዋን አንድ ኦክታቭ በማውጣት፣ 110 ላይ በማስቀመጥ ገላገልኩት። ስልክ ስፒከር ላይ 41 ኸርዝ የሚባል ነገር ስለማይወጣ ቤዙን በትንሹ አሻክሬ የ82 እና የ123ን ድምፅ አሳየሁት፤ ጆሮ ከእነሱ ተነስቶ ታችኛውን ራሱ ይሞላዋል።

ስዊዲን ይህን ዘፈን 91 ጊዜ ሚክስ አድርጎ መጨረሻ ላይ የወጣው ሁለተኛው ነው። እኔም የሰኞውንና የዛሬውን አስተያይቼ የሰኞውን መረጥኩ፤ የዛሬው ንጹሕ ነው፣ ሼከሩ ግን ሞቶበታል።

እሑድ ቀን

ትናንት ሌሊት ዲጄው ቦሌ አንድ ቤት ውስጥ አጫወተው። ስልኬን አውጥቼ አልቀረጽኩም፤ ማየት የፈለግኩት ሰው ዘፈኑን የት ላይ እንደሚለይ ነበር። ዘፋኟ ከመግባቷ በፊት ነው። ቤዙ ለብቻው ሲገባ ማንም ዞር አላለም፤ ክራሩ ሲደርብበት ባሩ አጠገብ የቆሙ ሴቶች ተያዩ፣ አንደኛዋ የጃክሰንን የትከሻ እንቅስቃሴ ጀመረች። ችክችካው አራት ባር ላይ ደግሞ ትከሻው ወደ እስክስታ ዞረ፣ ከዚያ ተመለሰ። ጓደኛዬ ይህን በቦታው ሆኖ ባለማየቱ እስካሁን ይቆጫል፤ ሠርግ ላይ ነበር።

ዲጄው አንድ ቅሬታ አለው። መውጫው አጭር ነው፤ “ቀጣዩን ዘፈን ሳላስገባ አለቀብኝ” ይላል። ባዶ ከበሮ 16 ባር ጨምሬ ለእሱ የሚሆነውን ጮክ አድርጌ፣ እስከ ሲቀነስ 8 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ድረስ፣ ልኬለታለሁ። ለስትሪሚንግ የሚሄደው ከዚያ ቀለል ያለ ነው፤ ስፖቲፋይ ሁሉንም ወደ ሲቀነስ 14 ስለሚያወርደው ጨፍልቆ መላኩ ከበሮውን ከመግደል በቀር ትርፍ የለውም። የሽፋን ሥዕሉ ላይ የጃክሰን ፎቶም ጓንትም አይኖርም። ቪዲዮም አልሠራም፤ ዘፈንን ከምስል ጋር ማያያዝ ሌላ ፈቃድ ነው። ጋሼ ግን የልጅ ልጃቸው ቲክቶክ ላይ እንድታየው ይፈልጋሉ፤ ክራሩን ብቻ ያለ ዘፈኑ እንዲመቱልኝና እሱን እንድቀርጻቸው ለረቡዕ ተቀጣጥረናል።